የአንድ ሌሊት ጎጆ ፍለጋ፦ ከአዳማ እስከ ጭላሎ

እናቴ ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች። «ጎጆ ውጪ ብዬ ስለምንሽ አንቺ ጎጆ ፍለጋ ተራራ ትወጫለሽ?» አለችኝ። ሳቋን ስትጨርስ ዋናው ጥያቄ መጣ። «ቤት እያለሽ፣ አልጋ እያለሽ፣ ብርድ ላይ ለመተኛት ገንዘብ የምትከፍዪው ለምንድን ነው?»

ጥያቄዋ የዋህ ይመስላል። ግን ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ ኢኮኖሚክስ ስማር የከረምኩት እኮ ይህንኑ ነው። ሰው ለምን ይከፍላል? ለማን ይከፍላል? የከፈለው ብር መጨረሻው የት ይደርሳል? ዛሬ የማጫውታችሁ በአንድ ቅዳሜ ሌሊት ስለከፈልነው 7,500 ብር ነው።

አዳማ ለምትኖሩ ስለ ሙቀቱ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከተማችን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚተኛ ሰው ሌሊቱን የሚያሳልፈው ትራሱን እየገለበጠ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሲመጣ ታዲያ የምናስበው ሁሉ ውኃ ነው። ሶደሬ፣ ቢሾፍቱ፣ ኪሱ ጠና ያለ ደግሞ ላንጋኖ። ተራራ የሚባል ነገር ትዝም አይለን። የሚገርመው ግን በአዋሽ መልካሳ፣ በዴራና በኢተያ አድርገን 75 ኪሎ ሜትር ብንነዳ አሰላ እንገባለን፤ ሌሊት ሁለት ብርድ ልብስ የሚጠይቅ አገር። ከአሰላ በላይ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጭላሎ ቆሟል።

ተራራ ላይ ማደር ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም። ከቢሾፍቱ ወዲያ ያለውን ዝቋላን አስቡት። 2,989 ሜትር ከፍታ ያለው፣ አናቱ ላይ ሐይቅ የተኛበት ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ነው። ለጥቅምት 5 እና ለመጋቢት 5 የአቦ ክብረ በዓል ስንት ሺሕ ሰው ነጠላውን ተከናንቦ እዚያ ሲያድር ኖሯል። እነሱ የሚያድሩት ለበረከት ነው። የእኔ ትውልድ ደግሞ ለመተንፈስ ማደር ጀምሯል።

እንጦጦ ፓርክ በ2013 ከተከፈተ፣ ወንጪም ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር በገበታ ለሀገር ከለማ ወዲህ፣ ዛፍ መሃል ያለች የእንጨት ቤት ፎቶ ከስልካችን ጠፍቶ አያውቅም። የቴሌግራም ቻናሉ ሁሉ «ሃይኪንግ፣ ካምፕፋየር፣ አዳር» ይላል። እኔም ጎመጀሁና ስሙን የማልጠራው አንድ ቦታ ደውዬ ለሁለት ሰው የአንድ ሌሊት ዋጋ ጠየቅሁ። ልጅቷ በትሕትና ነገረችኝ። እኔም በትሕትና አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ። የጠራችልኝ ዋጋ በየቦታው እየጻፍኩ በወር ከማገኘው ከግማሽ በላይ ነበር።

በቃ፣ ራሳችን እንሂድ አልን።

ኅዳር፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት

አምስት ነን። አንዷ ነርስ፣ አንዱ ባንክ የሚሠራ፣ አንዱ የግንባታ ፎርማን፣ አንዱ ሥራ ፈላጊ፣ እና እኔ። በአንደኛው ጓደኛችን ዘመድ በኩል የአሰላ ልጅ የሆነ መንገድ መሪ አገኘን። ድንኳን ተከራየን፣ አዳማ ገበያ ወጥተን ስንቅ ሸመትን፣ ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን።

የኅዳር ጭላሎ ያምራል። የገብሱ አጨዳ ላይ ነበሩ። ከታች በምዕራብ በኩል የዝዋይ ሐይቅ እንደ ሳህን ያበራል። ወደ ላይ ስትወጡ እርሻው ያልቅና ቁጥቋጦው ይጀምራል፤ እዚህም እዚያም ኮሶ፣ ከዚያ አስታ፣ ከዚያ በላይ ጅብራ። የኅዳር ሌሊት ምን ሊሆን እንደሚችል ግን ማናችንም አላሰብነውም።

መሪያችን ድንኳኑን እንድንተክል ያደረገው ከአንድ ገበሬ ቤት ጀርባ ነው። አባወራውን እሱ «ኦቦ» እያለ ይጠራቸዋል፣ እኛ ደግሞ «ጋሼ» አልናቸው። አዳማ ላደገ ሰው ኦሮምኛ አይጠፋውም፤ አንዳንዴ በኦሮምኛ፣ አንዳንዴ በአማርኛ እየቀላቀልን አወራን። ማታ እሳት አነደድን። የሰፈሩ ልጆች ከላይ እንጨት እየጎተቱ አመጡልን፣ እኛም ለፎቶው እንዲያምር ከፍ፣ ከፍ አደረግነው። ዘፈን፣ ቡና፣ ቀልድ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ዓለም የኛ ነበረች።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድንኳኑ ውስጡ ረጠበ፣ ውጪው ውርጭ ሆነ። ነርሷ ጓደኛችን መንቀጥቀጥ ስትጀምር ደነገጥን። ያለው ልብስ ሁሉ ተደርቦላታል፣ ግን ከመሬቱ የሚመጣውን ብርድ የሚያግድ ነገር አልያዝንም። ጋሼ ድምፃችንን ሰምተው ኖሮ ባትሪ ይዘው መጡ። አልተቆጡም። «ኑ፣ ግቡ» ብቻ አሉን። እትዬ ምድጃውን ቆሰቆሱት፣ ወተት አፈሉልን። ነጋ እስኪል ድረስ ምድጃው ዙሪያ እንደ ዶሮ ተጠጋግተን አደርን። ጠዋት ጭኮ በላን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ጉዞ ሁላችንም የምናስታውሰው ድንኳኑን ሳይሆን ያንን ምድጃ ነው።

ሲነጋ ጋሼ ወደ አመዱ ሄደው ቆመው ተመለከቱት። «ሌሊቱን ያነደዳችሁት እኮ የእኛ የሦስት ቀን ማገዶ ነው» አሉ። ወቀሳም አልነበረበትም፣ እንዲያው ሲያሰሉ ነው። ከዚያ አንዱን ያልተቃጠለ ግንድ በእግራቸው ገልበጥ አድርገው «አስታ ነው» አሉ።

ሌላም ያየሁት ነገር አለ። ከትልቁ ቤት ጎን አንዲት ክብ ጎጆ አለች። ክዳኗ ደህና ነው፣ በሯ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። «የማን ናት?» ብዬ እትዬን ጠየቅኋቸው። አልመለሱልኝም፤ ጽዋዬን ተቀብለው ወተት ጨመሩልኝ።

13 ሳንቲም

አዳማ እንደተመለስን እንደ ልማዴ ደብተር አውጥቼ ሂሳብ ሠራሁ። እያንዳንዳችን 1,500 ብር አዋጥተናል፤ ድምሩ 7,500። ለአዳማና አሰላ ትራንስፖርት ደርሶ መልስ 2,000 ብር፤ ከአሰላ እስከ ተራራው ግርጌና መልስ 900 ብር፤ ለድንኳን ኪራይ 1,400 ብር፤ አዳማ ለገዛነው ስንቅ 2,200 ብር። ለመሪያችን 500 ብር ሰጠን። እነጋሼ ዋጋ አልጠየቁንም፤ ስንወጣ እትዬ እጅ ላይ 500 ብር አስቀመጥን።

ስለዚህ ተራራው አካባቢ የቀረው 1,000 ብር ነው። ካወጣነው ከእያንዳንዱ ብር 13 ሳንቲም መሆኑ ነው። 87ቱ ሳንቲም አሽከርካሪ ጋ፣ ድንኳን አከራይ ጋ፣ የአዳማ ሱቅ ጋ ቀረ። በኢኮኖሚክስ ትምህርት ይህንን «ሊኬጅ» ይሉታል፤ የቱሪስቱ ብር ተጎብኚው ቦታ ሳይደርስ መንገድ ላይ የሚያፈስበት ቀዳዳ። ትምህርቱን ስማር ምሳሌው ሁሌ የውጭ አገር ሆቴል ነበር። ቀዳዳው እኔው የገዛሁት ፓስታና የተከራየሁት ድንኳን ሊሆን ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አሁን ሂሳቡን ገልብጡት። እዚያ ደረቅ አልጋ ያላት አንዲት ጎጆ ብትኖርና ለድንኳኑና ለስንቁ ያወጣነውን እዚያው ብናወጣ፣ 4,600 ብር ተራራው ላይ ይቀር ነበር። ከእያንዳንዱ ብር 61 ሳንቲም። እኛ አንድም ብር ሳንጨምር! ነርሷ ጓደኛችንም ባልተንቀጠቀጠች።

ያንን አስታ ደግሞ አስቡት። አስታ በዚያ ከፍታ፣ በዚያ ብርድ፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ ተክል ነው። ጉሙን ይይዛል፣ አፈሩን ይይዛል፣ ዝናቡ እንደ ጎርፍ እንዳይወርድ ያደርጋል። ከጭላሎ፣ ከጋላማና ከካካ ተራሮች የሚነሱት ውኆች ተጠራቅመው የከታር ወንዝ ይሆኑና ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ። አዳማ ገበያ የምንገዛው ቲማቲምና ሽንኩርት ብዙው በመስኖ የሚለማው በዚያው በዝዋይና በመቂ ዙሪያ ነው። እኔ ለፎቶ ያነደድኩት ግንድ መጨረሻው ወጥ ቤቴ ድረስ ይመጣል ማለት ነው። ነገሩን በዚህ ገመድ አስሬው ስለማላውቅ ትንሽ አፈርኩ።

ዶዶላ ላይ የተደረገው

ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ከሚነገሩን ተረቶች አንዱ የጋርት ሃርዲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ የጋራ የሆነ ግጦሽ መጨረሻው መራቆት ነው አለ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ላም ሲጨምር ጥቅሙ የራሱ ነው፣ ጉዳቱ ግን የሁሉም ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ይጨምራል፣ ሜዳውም ያልቃል። መፍትሔው ወይ መንግሥት ይያዘው፣ ወይ የግል ይሁን የሚል ነው። ኤሊኖር ኦስትሮም የተባለችው ምሁር በበኩሏ ዕድሜዋን ሙሉ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ዘንድ እየሄደች፣ ሰዎች ራሳቸው ሕግ አውጥተው፣ ራሳቸው ጠብቀው የጋራ ሀብታቸውን ማቆየት እንደሚችሉ አሳየች። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ያኔ ማንም ያልነገረኝ ነገር የዚህ ክርክር አንዱ ትልቅ ማስረጃ ከአዳማ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ አሰላንና በቆጂን አልፎ መገኘቱን ነው። አዳባና ዶዶላ።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት፣ ያኔ ጂቲዜድ የሚባለው፣ ከኦሮሚያ ክልል ጋር ሆኖ በዚያ አካባቢ የደን ፕሮጀክት ጀመረ። የተፈጥሮ ደኑ በየዓመቱ እየሳሳ ነበር። የተገኘው መላ «ዋጂብ» ይባላል፤ በኦሮምኛ የደን ነዋሪዎች ማኅበር የሚለው ስም ምህጻር ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ደኑ በክልል በክልል ይከፋፈላል፤ ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ታስቦ፣ አንድ ማኅበር ከ30 አባወራ እንዳይበልጥ ይደረጋል። ማኅበሩ ከመንግሥት ጋር ውል ይፈራረማል። ደኑን የመጠቀም መብቱ የራሱ ይሆናል፣ የመጠበቅ ግዴታውም የራሱ። ከውጭ መጥቶ የሚቆርጥን የሚከለክለው እሱ ነው።

ከዚሁ ጋር ነው ጎጆዎቹ የመጡት። ዋሆሮ፣ አንጋፉ፣ አዴሌ፣ ሞሎሊቾ፣ ዱሮ በሚባሉ ቦታዎች የእንግዳ ማደሪያ የእንጨት ቤቶች ተሠሩ፤ አብዛኞቹ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ናቸው። እንግዳው ዶዶላ ወይም አዳባ ላይ ፈረስና መሪ ይይዛል፣ ከአንዱ ጎጆ ወደ ሌላው በቀን ጉዞ ይሄዳል። ፈረሱ የገበሬ ነው፣ መሪው የሰፈር ልጅ ነው፣ ጎጆ ጠባቂው የደኑ ነዋሪ ነው። የቆመ ዛፍ ገቢ ያመጣል የሚለው ሐሳብ በፈረስ ኮቴ ወደ መሬት ወረደ።

ከዚያ ተመራማሪዎች መጡ። ሩስታጊ፣ ኤንግልና ኮስፌልድ የተባሉ ሦስት ምሁራን በዚሁ አካባቢ 49 የደን ተጠቃሚ ቡድኖችን አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2010 አወጡ። የት? እዚያው «ሳይንስ» መጽሔት ላይ፣ ሃርዲን «አይሆንም» ባለበት ገጽ፣ ከ42 ዓመት በኋላ። ጥያቄያቸው፣ ሕጉ አንድ ሆኖ ሳለ ለምን የአንዱ ቡድን ደን ይለመልማል፣ የሌላው ይመናመናል? የሚል ነው። ያገኙት መልስ ለእናቴ ብነግራት «ይሄንን ለማወቅ ትምህርት ያስፈልጋል?» የምትለው ዓይነት ነው። «ሌላው ካዋጣ እኔም አዋጣለሁ» የሚሉ ሰዎች የበዙበት ቡድን ደኑ የተሻለ ነው። እነዚህ ሰዎች ዝም ብለው ቸር አይደሉም፤ ጊዜያቸውን ሰውተው ደኑን ይዞራሉ፣ የሚያጭበረብረውን ይቆጣጠራሉ።

ይሄ ምንድን ነው? ዕቁብ ነው። እድር ነው። አንተ ካመጣህ አመጣለሁ፣ ከቀረህ ደግሞ ዳኛው ይጠይቅሃል። የኛ ሰው ሳይንስ ነው ሳይባልለት ሲሠራበት የኖረው ነገር።

በሰሜን ወሎም ተመሳሳይ መንገድ ተሞክሯል። ከላሊበላ ብዙም በማይርቀው መቄት ውስጥ ቴስፋ በተባለው ድርጅት አጋዥነት ገበሬዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸውን የእንግዳ ጎጆዎች ገደል አፋፍ ላይ ሠርተው እንግዳ ሲያሳድሩ ነበር። ወደ ውጭ ካያችሁ ደግሞ ኖርዌይ አለች። እ.ኤ.አ. በ1868 የተመሠረተው የተጓዦች ማኅበራቸው ከ500 በላይ የተራራ ቤቶች አሉት። ብዙዎቹ ጠባቂ የላቸውም። አባሉ ቁልፍ ይዞ ይገባል፣ ጓዳው ውስጥ ካለው ስንቅ ያበስላል፣ የበላውንና ያደረበትን ራሱ መዝግቦ ይከፍላል። ቤቶቹን የሚጠግኑት ብዙውን ጊዜ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሀብታም አገር ስለሆነች ነው እንዳትሉኝ፤ ማኅበሩ ሲመሠረት ኖርዌይ ድሃ ነበረች፣ ልጆቿ በመርከብ ወደ አሜሪካ የሚሰደዱባት አገር።

እንግዲህ ጎጆዋን ማን ይሥራት?

እዚህ ላይ ስሜቴ ሞቅ ብሎ «አንድ ኢንቨስተር ለምን አይሠራም?» ልል ነበር። ሂሳቡ ግን አስቆመኝ።

አዳማ የማውቀውን አናጺ ጠየቅሁት። የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ጣውላ፣ ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ አራት አልጋ ከነፍራሹ፣ መጸዳጃ ቤት፣ ማጓጓዣ። «ከ250,000 ብር በታች አትሞክሩት» አለኝ። ለአንድ አልጋ 400 ብር እናስከፍል እንበል። እንግዳ የሚመጣው በቅዳሜ ነው፤ ክረምቱን ስትቀንሱት በዓመት 40 ቅዳሜ ይቀራችኋል። አራቱም አልጋ ሁልጊዜ ቢሞላ 64,000 ብር ነው። ለጠባቂ፣ ለእጥበት፣ ለጥገና 24,000 ብር ይውጣለት። 40,000 ብር ይተርፋል። ያወጣችሁትን ለመመለስ ስድስት ዓመት ከሦስት ወር፤ ያውም አንድም አልጋ ባዶ ካላደረ። በዚህ የዋጋ ንረት ይህንን የሚያበድር ባንክም፣ የሚጠብቅ ባለሀብትም የለም። ስለዚህ ባለሀብቱ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ወይ ይተወዋል፣ ወይ መዋኛና ስፓ ጨምሮ እኔ ስልክ ዘግቼ የሸሸሁትን ዋጋ ይጠይቃል። ስግብግብ ሆኖ አይደለም። ቁጥሩ ነው የሚያዘው።

የዶዶላ ጎጆዎችስ? በእርዳታ ገንዘብ ነው የተሠሩት። እርዳታ ደግሞ ዘመን አለው። አሰላ ላይ ትልልቅ ሰዎችን ጠይቁ፤ በ1960 በስዊድን ድጋፍ የተጀመረውንና በጭላሎ ስም የሚጠራውን የእርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ ካዱን፣ ያስታውሱታል። ምርጥ ዘሩ፣ ማዳበሪያው፣ መንገዱ። ፈረንጁ ይሄዳል፤ ጥያቄው ሲሄድ ማን እጅ ላይ ምን ይቀራል ነው።

ደብተሬን ዘግቼ ሳምንት ከረምኩ። ከዚያ ነው ያቺ ቁልፍ የተንጠለጠለባት ክብ ጎጆ ትዝ ያለችኝ።

በጥር እኔና ፎርማኑ ጓደኛችን ተመልሰን ሄድን። ለእነጋሼ ስኳርና ቡና ይዘን፣ ምድጃው ጋ ተቀምጠን፣ ሐሳባችንን ተናገርን። አዲስ ቤት አንሠራም። ያችን ጎጆ ብንጠግናት፣ አልጋ ብናስገባላት፣ ሰው ብንልክላችሁስ? እትዬ ወደ ባላቸው አዩ። ጋሼ ዝም ብለው ቆዩ።

«የልጄ ናት» አሉ በመጨረሻ። «ሚስት ሊያገባባት ሠራናት። ሄደ።»

ወዴት እንደሄደ አልጠየቅሁም። አርሲ ውስጥ «ሄደ» ሲባል ባሕር ተሻግሮ መሆኑን እናውቃለን። በኋላ ራሳቸው ነገሩኝ። ለደላላው የከፈሉት ሁለት በሬ ሸጠው ነው። ሦስት ዓመት አልፏል፤ ይደውላል፣ አንዳንዴ ደግሞ ወራት ይጠፋል። ጋሼ ጣታቸውን እያጠፉ ከቆጠሩ በኋላ «አንተ የምትለው ብር በየሳምንቱ ቢመጣ ኖሮ ልጄ ይሄድ ነበር?» ብለው ፎርማኑን ጠየቁት። መልስ አልነበረንም። አንዲት ጎጆ ስደትን አታስቆምም፤ ይህንን መዋሸት አልፈልግም። ግን ጥያቄው እስካሁን አብሮኝ ነው።

ፎርማኑ ጎጆዋን ዞሮ አይቶ አሰላ። ወለል፣ መስኮት፣ አራት የጣውላ አልጋ፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ፣ ጉድጓዱ በደንብ የተቆፈረ መጸዳጃ፦ 45,000 ብር። ለአምስታችን 9,000፣ 9,000። በዕቁብ ሰበሰብነው። ዋጋው ለአንድ አልጋ 300 ብር ነው። 200 ብሩ እዚያው በዚያው ለቤተሰቡ ይሰጣል፤ 100 ብሩ ያወጣነውን እስኪመልስ ለዕቁቡ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም የእነሱ ነው። በ40 ቅዳሜ ብትሞላ ለቤተሰቡ በዓመት 32,000 ብር፣ እኛም ሦስት ዓመት ሳይሞላ ብራችንን እናገኛለን። በግማሽ ብቻ ብትሞላ ደግሞ የእነሱ 16,000 ይሆናል፣ የእኛም ስድስት ዓመት ይጠጋል። ይሄ እንዲሆንም ተዘጋጅተናል። ለምግብ፣ ለወተት፣ ለፈረስ እንግዳው ለእትዬና ለጎረቤት በቀጥታ ይከፍላል።

ውሉን በአንድ ወረቀት ላይ በሁለቱም ቋንቋ ጻፍነው። ሦስት ነጥብ አለው። አንደኛ፣ ከላይ አስታ አይቆረጥም፤ እንግዳ ለምግቡ ቡታጋዝ ይዞ ይመጣል፣ ለመሞቅ ደግሞ እነጋሼ ከተከሉት ባሕር ዛፍ ይገዛል። ሁለተኛውን ያስገቡት ጋሼ ናቸው፦ «ልጄ የመጣ ቀን ጎጆዋ የሱ ናት። እንግዳ ቢኖርም ይነሳል።» ሦስተኛ፣ ቆሻሻ ይዞ የመጣ ይዞ ይመለሳል።

መሄድ ለምትፈልጉ

የኛን ጎጆ ለማስተዋወቅ አይደለም የጻፍኩት፤ አራት አልጋ ማስታወቂያ አይፈልግም። ግን እንዲህ ያለች ባዶ ጎጆ በየተራራው እግር ሥር አለች። ከአዳማም፣ ከቢሾፍቱም፣ ከሻሸመኔም የምትሄዱ ካላችሁ ከኛ ስህተት ተማሩ።

ከመሄዳችሁ በፊት የአካባቢውን ቀበሌና የምታውቁትን ሰው ስለ ጸጥታው ጠይቁ፤ «ዘንድሮ ይቅርባችሁ» ካሏችሁ ይቅርባችሁ፣ ተራራው የትም አይሄድም። የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ለመግባትም ሆነ ለማደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ ድንኳን መትከል አይቻልም። ከ1,600 ሜትር ተነስታችሁ በአንድ ቀን ወደ 4,000 አትሩጡ፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ ጀግንነት የለም፣ ውረዱ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ የጠራ ነው፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው፤ ድንኳን ቢኖራችሁም ከሥር የሚነጠፍ ወፍራም ነገር ሳትይዙ አትተኙ። ስንቃችሁን ከከተማ አትጫኑ፤ ድንቹ፣ ወተቱ፣ እንቁላሉ፣ ገብሱ እዚያ አለ። ሰው ቤት ካደራችሁ «እንግዳ ነን» ብላችሁ በነጻ አትውጡ። የአርሲ ሰው ዋጋ አይጠራላችሁም፤ ባይጠራም ዋጋ አለው።

እናቴን በመጨረሻ የእነጋሼን ነገር አጫወትኳት። ስለ ሊኬጁም፣ ስለ «ሳይንስ» መጽሔቱም ብዙ አልሰማችኝም። የልጃቸውን ነገር ስነግራት ግን ጸጥ አለች። ትንሽ ቆይታ «የሴትየዋ ስልክ አለሽ?» አለችኝ። ሰጠኋት። አሁን በሳምንት አንዴ ይደዋወላሉ፤ ስለምን እንደሚያወሩ አላውቅም። ባለፈው ደግሞ ሙቀቱ ሲጀምር «ሚያዝያ ላይ አንዱን አልጋ ለኔ ያዢልኝ» አለችኝ። 300 ብሯንም ቆጥራ ሰጠችኝ።